እስከ ቡታጅራ የዘለቀው ሙግት

አባቴ ባረፈበት ቀን ጠዋት እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ በአንድ ፊልም ምክንያት እየተሟገትኩ ነበር። እየሳቅሁም ነበር። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ይወስደን በነበረው አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ከተሳፈርነው ሰዎች መካከል አባቴ መሞቱን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሾፌሩ እንኳ ያውቅ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ልባችሁን አንጠልጥዬ ላቆያችሁ ስለማልፈልግ ነው። እኔ ራሴ ነገር ደብቆ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዱብ የሚያደርግ ጸሐፊ አልወድም።

በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከሒሳብ አስተማሪ ጋር ተቀምጦ ፊልም ማየት ቅጣት ነው ይላሉ ጓደኞቼ። ሰው ሁሉ እንባውን ሲጠርግ እኔ «ቆይ ቆይ፣ ይቺ ሴትዮ ቅድም ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጥላው አልነበር? በምን ከፈተችው?» እላለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ያልተያያዘ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አብረውኝ የሚያዩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ተካልኝ ነው። የጉንችሬ ልጅ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ በክርክር ከሚሸነፍ ጥርሱ ቢነቀል የሚመርጥ ሰው። ሁለተኛዋ ፅጌ ናት፤ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትሆን አንደበቷ እንደ ምላጭ ነው። ሦስተኛ ጓደኛችን ነጂብ ግን ሻዩን ለመጠጣት ብቻ ነበር የሚመጣው። ነጂብ አብሮ አደጌ ነው። ሁለታችንም ቡታጅራ አጠገብ ካለች አንዲት የመስቃን መንደር ነን፤ እሱ ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። እኛ ስለ ፊልሙ ስንጮህ «የሌለ አገር፣ የሌለ ሰው፣ የሌለ ችግር! ያለው አንሷችሁ ነው?» ብሎ ስልኩን ይነካካል።

የተከታታይ ፊልሙን ስም አልጠራም፤ ለማስታወቂያ አልተከፈለኝም። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ገና በሚመጣ ዘመን አንዲት ከተማ አለች። የነዋሪዎቿ ሁሉ ጆሮ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ ተቀብራለች። በዚያች ከተማ ማዘን ክልክል ነው፤ ያዘነ ሰው ሥራ ይፈታልና። ስለዚህ ሰው ሲሞት አስከሬኑን በድብቅ ይወስዱታል፤ መሣሪያዋ ደግሞ የሟቹን ድምፅ ተውሳ «ለሥራ ሌላ ሰፈር ተዛውሬያለሁ፣ ደህና ነኝ፣ በርቱ» እያለች ለቤተሰቡ ታወራለች። ማራ የምትባል እነዚህኑ መሣሪያዎች የምትጠግን ወጣት አለች። አባቷ ሞቷል፤ እሷ ግን በየምሽቱ ድምፁን እየሰማች ቀኗን ትነግረዋለች። ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ይኖራል። የአባቷን አስከሬን ሲወስዱት በመስኮት አይቷል። ደረጃው ላይ በየቀኑ ያገኛታል፣ ዳቦውን ያካፍላታል፣ አንድም ቃል ግን አይተነፍስላትም። እኛ «አባ ዝምታ» ብለን ስም አወጣንለት።

ለምን ዝም አለ? ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት የሚያፋጀን ይህ ነበር።

«ጆሮ ጠቢ ነዋ፤ ይከፈለዋል፣ አለቀ» ይላል ተካልኝ።

«ፈርቶ ነው» ትላለች ፅጌ። «አንተ ጠመኔ አለቀ ብለህ ለዳይሬክተሩ መናገር የምትፈራው ሰውዬ፣ እዚያ ከተማ ብትኖር ጀግና ልትሆን ነበር?»

የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ምክንያት የለውም፤ ዝም ያሰኘው የደራሲው ስንፍና ነው። አራተኛው ክፍል ላይ ቢነግራት ፊልሙ እዚያው ያልቅ ነበር። ሌላም ብዙ ቀዳዳ ለቅሜ ነበር። ከሁሉ የባሰው የባቡሩ ነገር ነው። በዚያች ከተማ በር ሁሉ የሚከፈተው ክንድ ውስጥ በተቀበረ ቁጥር ነው። ማራ ቁጥሯን ቆርጣ ከጣለች በኋላ በሚቀጥለው ክፍል ባቡር ተሳፍራ ታየች። በሩን ማን ከፈተላት? ደግሞ መብራትስ፤ ያ ሁሉ መሣሪያ ያለ መብራት እንዴት ይሠራል? ይህን ስል ተካልኝ «ወልቂጤ ቢሆንማ መብራት በጠፋ ቁጥር ነፃ እንወጣ ነበር» ብሎ ሻይ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

ወደዚያ ቀን ልግባ። ማክሰኞ ነበር። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነጂብ ከበሩ ላይ ቆመ። ገበያውን ጥሎ ትምህርት ቤት መጥቶ አያውቅም።

«ሙቤ፣ ና ውጣ። ዛሬ ሽማግሌ ሆናችሁ ቡታጅራ ትሄዱልኛላችሁ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ። የልጅቱ ቤተሰቦች ዛሬ ካልሆነ ብለዋል።»

ነጂብ የሚወዳት ልጅ ቡታጅራ እንዳለች አውቅ ስለነበር ደስ አለኝ። ጎትቼ አቀፍኩት። እሱም አቀፈኝና ቶሎ ሳይለቀኝ ቀረ።

አገሩን ለሚያውቅ ሰው ነጂብ ይህን ሰበብ ለምን እንደመረጠ ማስረዳት አያሻም። በእኛ ዘንድ «አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ያን ቃል የሰማ ሰው መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ነው የሚሄደው። ንጋት ላይ አጎቴ ሁሴን ለነጂብ ደውሎ «ልጁን በሰላም አምጣልኝ፤ ከቤቱ ደጅ ሳይደርስ አንዳች እንዳይሰማ» ብሎ አስምሎታል። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት ቀጥሎ እንዲሆን ተወስኗል፤ እኔ ካልደረስኩ ግን የሚጠብቁኝ አልነበሩም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ዳይሬክተራችን ፈቃድ ሲጠየቅ ኮሶ የጠጣ ሰው ይመስላል። ያን ቀን ግን ገና አፌን ሳልከፍት «ሂድ፣ ሂድ» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ነጂብን ይወደዋል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

መኪናው ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ ጋቢና የኔ ቦታ ነው፤ ያን ቀን ነጂብ ቀድሞ ገባበት። እኔን ከኋላ መሃል አስቀመጡኝ። ተካልኝ በአንድ በኩል፣ ፅጌ በሌላው በኩል ሆኑ።

«ፅጌ፣ አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው?» አልኳት። «ሴት ለሽምግልና ስትላክ አላየሁም።»

«ሽማግሌዋ እኔ ነኝ፤ እናንተ አጃቢ ናችሁ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «ስልክህን ስጠኝማ፣ የኔ ባትሪ አልቋል» ብላ ወሰደችው። አንዴ ነካካችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጉብሬን እንዳለፍን ዝምታ ሆነ። ሾፌሩ ጋሽ ደሳለኝ ወልቂጤ ውስጥ የሚታወቀው በዘፈኑ ጩኸት ነው፤ ያን ቀን ቴፑን አልነካውም። ለምን ዘፈን አልከፈትክም ልለው ስል ተካልኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር፣ የባቡሩን ክፍል ትናንት ደግሜ አየሁት። አንተ እንደምትለው ስህተት የለበትም።»

ይህን ሲለኝ እንዴት እንደነቃሁ ላስረዳችሁ አልችልም። አሁን እንደማውቀው መኪና ተከራይተው ሲመጡ ተማክረው ነበር። ዝም ካልን ይጠይቀናል፣ ከጠየቀን ፊታችን ይነግረዋል፣ ስለዚህ እስከ ቡታጅራ እናጨቃጭቀው ተባብለዋል። በሽታዬን ያውቃሉ። ላሳቅህ ቢሉኝ ላልስቅ እችላለሁ፤ የተሳሳተ ነገር ከተነገረኝ ግን ከመቃብርም ቢሆን ተነስቼ አርማለሁ።

«ስህተት የለበትም? ቁጥሯን ቆርጣ ጥላዋለች እኮ! በደም የተነከረ ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠምጥማለች!»

«አንዱን ክንድ ነው። ሌላው ክንዷስ?»

«በሁለቱም ክንድ ቁጥር አለ ያለህ ማነው?»

«የለም ያለህስ ማነው?»

ሄድንበት። መንገዱ ወደ ዳገቱ ሲያነሳ በሁለቱም በኩል የእንሰት ጓሮዎች ነበሩ፤ ትንሽ ቆይቶ ጉሙ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። እኛ አናይም። ፅጌ ከተካልኝ ጋር ወግና ስለ መሣሪያዋ ጉልበት የማታውቀውን ትቀባጥራለች። «ከጆሮ ሙቀት ነው ኃይል የምታገኘው» ስትል በሳቅ እንባዬ መጣ። ተካልኝም ሳቀ። በመሃል ወደ መስኮቱ ዞሮ ዓይኑን በእጅጌው ሲነካ አይቼዋለሁ፤ ከሳቁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሳላስበው ነገሩን ወደ አባ ዝምታ አዞርኩት። ተካልኝ ሊያስጥለኝ ሞከረ። «እሱን ተወው፣ ተስማምተንበታል» አለኝ።

«መቼ ተስማማን? አንተ ጆሮ ጠቢ ነው አላልክም?»

«ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ላይሆን ይችላል።»

ተካልኝ አቋሙን ቀይሮ አያውቅም። የዓለምን ትልቅ ወንዝ ተሳስቶ ጠርቶ መጽሐፍ ቢያሳዩት መጽሐፉን የሚከስ ሰው ነው። ይህ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ድል የቀረበኝ መስሎኝ ጨከንኩ።

«ጆሮ ጠቢ ቢሆንማ ይሻለው ነበር» አልኩ። «ጆሮ ጠቢ ቢያንስ ለጥቅሙ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን አባቷ ሞቶ እሷ ደረጃው ላይ ስትስቅ እያያት ዳቦ ይቆርስላታል። አባቷ ሞቶ! እኔ ማራን ብሆን መሣሪያውን የሠሩትን ሰዎች ይቅር ልላቸው እችል ይሆናል፤ እሱን ግን እስክሞት ይቅር አልለውም። ወዳጅ መስሎ አብሮ መሳቅ ከጠላትነት ይብሳል።»

ጉሙ ተገፎ መንገዱ ወደ ቁልቁል ዞሯል። ፅጌ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ ጨምቃ ይዛለች።

ያን ጊዜ ነጂብ ከፊት ተናገረ። ወደ ኋላ አልዞረም።

«እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እናቱ የሞተችው እሱ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ መርካቶ ዘመድ ሱቅ ውስጥ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። እንዴት እንደነገሩት ጠይቄው አላውቅም።

«የጨርቅ ጣቃ ተሸክሜ በሰው መሃል እሄዳለሁ። አንዱ ያገራችን ልጅ ደወለና ‹እናትህ እኮ ሞተች፣ አልሰማህም?› አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሰማሁ መስሎት ነው። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ጣቃውን ማን እንዳነሳው አላውቅም። ሰው ይገፋኛል፣ ‹ዞር በል› ይለኛል። የት እንደምቆም እንኳ አላውቅም ነበር ሙቤ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ያ ያንተ ሽማግሌ ምናልባት እንደዚያ የወደቀ ሰው አይቶ ይሆናል። ደረጃ ላይ ቢነግራት ደረጃ ላይ ነው የምትወድቀው። ሰዎቿ ያሉበት እስክትደርስ ጠብቆ ይሆናል።»

«አንተ ፊልሙን አላየኸውም እኮ» አልኩት።

«አላየሁትም» አለኝ ነጂብ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ አላልኳችሁም? አንድ ጊዜ ከጀመረ ራሱ ይደመራል። ማክሰኞ፣ በሥራ ቀን። ሴት ሽማግሌ። የዳይሬክተሩ እጅ። ፅጌ ቦርሳ ውስጥ ያለው ስልኬ። ዝም ያለው ቴፕ። ልጅ ሊያስጠይቅ የሚሄድ ሰው የገበያ ጃኬቱን ለብሶ። ተካልኝ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ተሸንፎ። አንድ ሙሉ ጠዋት የሌላ አገር ፊልም ቀዳዳ ስለቅም የራሴን ቀን አላየሁትም ነበር።

ሰው ሞቷል። የኔ ሰው። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አባቴ ነው ወይስ እናቴ? እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አላውቅም ነበር። አእምሮዬ ሊመርጥ ሲሞክር ያዝኩት። የአባቴን ፊት አስቤ «እሱ አይሁን» ስል ያለሁት ስለ እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝና ደነገጥኩ። ከዚያ ስለ እናቴም እንዲሁ። እንደዚያ ያለ ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። አላህ ለማንም አይስጥ።

እጄ ወደ ፅጌ ቦርሳ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። መለስኩት። ብጠይቃቸው እንደሚነግሩኝ አውቃለሁ፤ ነጂብ ጠዋት እንደምንም ዋሸኝ እንጂ ዓይን ለዓይን ካዩት መዋሸት አይሆንለትም። መኪናው ይቆማል። እዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዳር፣ እኔ እወድቃለሁ፤ እነሱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይቆማሉ። ነጂብ ለአጎቴ የማለው ይፈርሳል። የራሱን መርዶ መንገድ ላይ የሰማ ሰው የኔን መርዶ መንገድ ላይ ነጋሪ ይሆናል። ያን ላደርግበት አልቻልኩም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴም ጥቂት መንገድ ፈልጌ ነበር። እስካልጠየቅሁ ድረስ ሁለቱም በሕይወት አሉ።

«እሺ» አልኩ። «አባ ዝምታን ተዉት። በሩን ማን ከፈተላት?»

ተካልኝ ወደ እኔ ዞረ። «ምን?» አለ።

«የባቡሩን በር። አልመለሳችሁልኝም።»

«የጭነት ባቡር ነዋ» አለ ተካልኝ ቀስ ብሎ። «የጭነት ባቡር በር ቁጥር አይጠይቅም።»

«ወንበር ነበረው።»

«ሠራተኞቹ የሚቀመጡበት ነው።»

«ይሆናል» አልኩ።

«ሌላ ሰው ሲገባ ተከትላው ገብታም ይሆናል» አለች ፅጌ። በግራ እጇ ክንዴን ያዘችው፤ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

«እኔ ልጅ ሆኜ ረዳት ነበርኩ» አለ ጋሽ ደሳለኝ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሩ ነበር። «በር ላይ ሰው ሲበዛ የሚቆጥር የለም። በሰው መሃል ከሆነች ትገባለች።»

«እሱም ይሆናል» አልኩት።

እንዲህ እየተባባልን ቁልቁለቱን ጨረስን። የመስቃን ሜዳ፣ ጋሪዎቹ፣ ቡታጅራ ከነገበያዋ በመስኮት ሲያልፉ ትዝ ይሉኛል። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ስለነበር ያ ገበያ ልጅነቴን ሙሉ የዋልኩበት ነው፤ ዞሬ አላየሁትም። ስለ ባቡሩ መናገሬን አላቆምኩም። አፌ ደርቆ ምላሴ ሲጣበቅብኝ ተካልኝ ተቀብሎ ይናገርልኛል፣ እሱ ሲያልቅበት ፅጌ ትቀበለዋለች። በሕይወቴ ውስጥ ያን ያህል የማይረባ ክርክር ተከራክሬ አላውቅም። ያን ያህል የተወደድኩበት ሰዓትም አላውቅም።

ወደ መንደራችን የሚያስገባውን መንገድ ስንታጠፍ ጀፎረው ታየ። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ያለ ሰፊ ሣር የለበሰ የመንደር መንገድ ነው፤ ደስታውም ሐዘኑም እዚያ ነው የሚውለው። ሰው ሞልቶበታል። ወንዶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን ሴቶች ከበው የያዟት፣ ነጠላዋ ከራሷ የወረደ ሴት አየሁ። እናቴ ናት። እናቴን በማየቴ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ያንኑ ደስታ ሳልጨርስ ታዲያ አባቴ ነው ማለት እንደሆነ ገባኝ።

መኪናው ሲቆም አጎቴ ሁሴን ከአራት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ እጄን ይዞ አወረደኝና ሁለቱን ትከሻዬን ያዘ።

«ሙባረክ፣ ልጄ፣ አላህ የሰጠውን ወሰደ። አባትህ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው የሄደው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አውቄው ነበር። ያም ሆኖ ወደቅሁ። አውቆ መጠበቅና በሰው አፍ ተነግሮ መስማት ለካ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መሬቱን ግን አልነካሁም፤ አንዱን ብብቴን ነጂብ፣ ሌላውን ተካልኝ ይዘውኝ ነበር። ጮህኩ፤ ማንም ዞር በል አላለኝም። ወደ እናቴ ወሰዱኝ። ፅጌ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ እስከ ማምሻው እናቴን ደግፋ ዋለች። ዐስር ከተሰገደ በኋላ የአባቴን ቃሬዛ ተሸከምኩ። ተካልኝም መሃል መንገድ ላይ ገብቶ ትከሻውን ሰጠ፤ ከመንደራችን ሽማግሌዎች አንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነው።

እዚህ ላይ እናንተን ልጠይቅ። በእኛ ባህል መርዶ ይደበቃል፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሰው እውነቱን የማወቅ መብት አለው እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ለዓመታት ሞት የሚደብቁ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ በዚያ አልስማማም። ከሁለቱ ወገን የቱ ትክክል ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሒሳቡ እንዲህ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ልጽፍላችሁ አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚያች መኪና ውስጥ ይቅር አልልም ያልኳቸው ሰዎች ያን ቃሌን ሰምተው፣ ውጠው፣ ስድቤን ተቀብለው ደጃፌ ድረስ ይዘውኝ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ተማሪ አርፍዶ ሲመጣ ወይም ጎረቤት ሰላምታ ሲነሳኝ እንደ ድሮው «ምክንያት የለውም» ብዬ አልዘጋም። እናንተም ዝም ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡት። የተሳሳታችሁ እንደሆነ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚጠፋባችሁ።

ሐዘኑ በረድ ብሎልኝ ወልቂጤ ከተመለስኩ በኋላ ፅጌ የፊልሙን የመጨረሻ ክፍል አምጥታ ነበር። እኔ እስክመለስ አላዩትም። ነጂብም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጦ አየ። አባ ዝምታ መጨረሻው ላይ ተጋለጠ፤ ለካ ጆሮ ጠቢ ኖሯል፤ እየተከፈለው ነው ዝም ያለው። ከመጀመሪያው ተካልኝ እንዳለው ማለት ነው። ተካልኝ እንዲህ ያለ ድል ሲያገኝ ሰፈር ይረብሻል። ያን ቀን ግን ራሱን ነቀነቀና «አይ፣ እዚህ ጋ ደራሲዎቹ አበላሹት» አለ።

ያኔ ነው የነገርኳቸው።

«ቁልቁለቱን ስንጀምር አውቄ ነበር» አልኩ። «ነጂብ የእናቱን ነገር ሲናገር። እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ይደነግጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልደነገጠም። ተካልኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አውቀን ነበር» አለች ፅጌ።

«ምኑን?»

«ማወቅህን ነዋ። ሙቤ፣ አንተን እኮ ስንት ዘመን እናውቅሃለን። የተሳሳተ መልስ ‹ይሆናል› ብለህ አልፈህ ታውቃለህ? ያን ቀን የሰማኸውን ቅዠት ሁሉ ‹ይሆናል› አልከው።»

«እኔ በመስታወቱ አየሁህ» አለ ነጂብ። «መኪናውን አስቁሜ ልነግርህ ነበር። እጄን ለጋሽ ደሳለኝ ላነሳ ስል ፅጌ ከኋላ ትከሻዬን ነካችኝ።»

ወደ ፅጌ ዞርኩ። «ለምን ከለከልሽው?»

«መከራከር ፈልገህ ነበራ» አለችኝ። «ተከራከርንልህ።»